አንድ ሰው፣ አንድ አባት

ከሐሙስ መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ከተማ ማንም ሰው ከአንድ አባት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። ክልከላው በአዋጅ አልወጣም፤ ነጋሪትም አልተጎሰመበትም። የቤት ይዞታ ፋይል በሚጠብቅ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ «ጫማዎን ይጥረጉ» ከሚለው በታች፣ «የሽንት ቤት ቁልፍ ጥበቃ ዘንድ ይገኛል» ከሚለው በላይ፣ በአራት እስፒል ተወጥሮ ተለጠፈ እንጂ። «ለክቡራን ባለጉዳዮች በሙሉ» ይላል፤ «ማንኛውም ባለጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ አባት በላይ ይዞ ቢቀርብ የማናስተናግድ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።» ከሥሩ የኃላፊው የአቶ መለሰ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ደግሞ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ያን ለታ ጠዋት ማስታወቂያውን አንብቦ የሳቀ ጥበቃው ብቻ ነበር፤ እሱም ሳቁን ሲጨርስ የራሱን አባት ቁጥር በልቡ ሳይቆጥር አልቀረም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ኡዘይር ነው። ኡዘይር የሃያ ሰባት ዓመት ሰው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ በኮንትራት የተቀጠረ ነው፤ ሥራውም አርባ ሺህ ከምናምን የቤት ፋይል አንድ የፍለጋ ሰርቨር ውስጥ አስገብቶ፣ ስም ሲጻፍ ፋይሉ እንዲመጣ ማድረግ። ሰርቨሩ ግን አፉን ከፍቶ የሰጡትን ሁሉ የሚውጥ ፍጥረት አይደለም፤ አስቀድሞ ስኪማ ይፈልጋል። ስኪማ ማለት ሰርቨሩ የሚተዳደርበት ደንብ ነው፤ አንድ ሰነድ ምን ምን ፊልድ፣ ማለትም የመረጃ መሙያ ቦታ፣ እንዳለው፣ የቱ ቁጥር፣ የቱ ቀን፣ የቱ ጽሑፍ እንደሆነ፣ የቱ ባዶውን መቅረት እንደማይችል፣ የቱስ ከአንድ በላይ መልስ እንደሚይዝ መስመር በመስመር ይጻፍበታል። ኡዘይር ይህን ብቻዬን አልወስንም ብሎ ኮሚቴ አስጠራ። ኮሚቴው «ፊልድ» የሚለውን ቃል እንደ ሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው «አበሉ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አበል እንደሌለው ሲገባቸው ስብሰባው በጣም ፈጠነ። የቤት ቁጥር ቁጥር ይሁን አሉ፤ ሆነ፤ በማግስቱ «ከዋርካው ፊት ለፊት» የሚል የቤት ቁጥር መጣና ሰርቨሩ ተፋው። የተሰጠበት ቀን ቀን ይሁን አሉ፤ ሆነ፤ «በሚካኤል ማግስት፣ በረዶ የጣለ ዕለት» የሚል ፋይል መጣ። ኡዘይር ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ ቀየራቸው፤ በቀየረ ቁጥር ግን ሰርቨሩ የያዘውን ሁሉ ጠርጎ አርባ ሺውንም ፋይል እንደ አዲስ መመገብ ነበረበት። ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። አቶ መለሰ ትዕግሥታቸው አለቀና «ከእንግዲህ ስኪማው አይነካም» ብለው በቃለ ጉባኤ አሰፈሩ። «የአባት ስም ከአንድ በላይ ይቀበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ ኮሚቴው ሳቀ። የአባትን ቁጥር ማን ይጠይቃል? ኡዘይርም አብሮ ሳቀና ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ፎልስ፣ አይቀበልም፣ ብሎ ጻፈ።

በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ሁለት አባት የተጻፈበት ሠላሳ አንድ ፋይል ከበር ተመለሰ። አቶ መለሰ ከአርባ ሺህ ውስጥ ሠላሳ አንድ ምን አላት ብለው አሰቡ፤ ስኪማውን ከመለወጥ ሕዝቡን መለወጥ እንደሚቀል አመኑና ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኡዘይር የሦስት ብር ሻዩን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ ከመስኮት ሁለት ፊት ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሏል። ከሰልፉ ራስ ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ማተባቸው በላብ የጠቆረ፣ ዱላቸውን ከመስኮቱ ደፍ ጋር ያስደገፉ ሽማግሌ ቆመዋል። ፋይልዎ ተመልሷል ተብለው፣ ሌሊት ተነሥተው ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያው አውቶቡስ መምጣታቸውን የጫማቸው አቧራ ይናገራል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ዝናሽ ናት፤ ሰው ማመናጨቅ የማትወድ፣ ግን ማስታወቂያ የሚባል ነገር ከሰማይ እንደ ወረደ የምታምን ልጅ።

«አባቴ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አላዩም? አንዱን ይምረጡና ይንገሩኝ።»

«ምነው?»

«ኮምፒውተሩ ሁለት አባት አይቀበልማ።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን አባቴ አልሽኝ። የወለደሽስ የለም?»

«ኧረ አለ፤ ዕድሜ ይስጠው።»

«እንግዲያ አንቺም ሁለት ሆነብሽ። ማናችንን ትመርጫለሽ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዝናሽም ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን እዚያው ናት፤ አንዱን ይምረጡ። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ፍርድ ቤት ቃል እንደሚሰጥ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስሜ ቢያዝን ነው። አባቴ አዳነ ወርቁ ነው። አባቴ ሐጂ ሷሊሕ ዑመር ነው። ከሁለቱ የምጥለው የለኝም» አሉ።

ኡዘይር እጁ ላይ ያለው ሻይ ፈሰሰበት። የሱ ሙሉ ስም ኡዘይር አብዱልባሲጥ ሷሊሕ ነው። ሐጂ ሷሊሕ ዑመር አያቱ ናቸው። አያቱ ከአንድ አባቱ በቀር ወንድ ልጅ እንዳላቸው በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከማንም ሰምቶ አያውቅም።

ሽማግሌውን ይዟቸው ወደ ክፍሉ ገባ። ክፍሉ ድሮ የመጥረጊያና የቀለም ጣሳ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁንም ግማሹ እንደዚያው ነው። ሰርቨሩ ክረምት ውኃ እንዳይገባበት በሁለት ጡብ ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል፤ ሙቀቱን የምትወድ የግቢው ድመት ከላዩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ኡዘይር ሽማግሌውን ወንበር ሰጥቶ ራሱ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠና ፋይላቸውን አወጣ። በስድሳ ስምንት ዓ.ም. የተሞላ ቢጫ ቅጽ ነው። ከገበያው በላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት። «የአባት ስም» ከሚለው ፊት የያኔው ጸሐፊ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሁለት ስም ጽፎበታል፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ቤቱን ለቢያዝን የሰጡት ሐጂ ሷሊሕ ናቸው፤ ዛሬ የቢያዝን ልጅ አባይነሽ ትኖርበታለች።

«በዐሥር ዓመቴ ነው» አሉ ቢያዝን፣ ድመቷን እያዩ። «አዳነ ለሐጂ ሷሊሕ ቅቤ ያመጣ ነበር፤ ሲመጣ እኔን ያስከትላል። ሐጂ ወደደኝ። በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባኝ፤ የጡት ልጁ ሆንሁ። አዳነም እዚያው ቆሞ ነበር፤ መርቆ ነው የሰጠኝ። ሃይማኖትህን ተው ያለኝ የለም። እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር ኮምፒውተርህ ምኑን ይጠላዋል?»

ኡዘይር ኮምፒውተሩ ሳይሆን ራሱ ጥፋተኛ እንደሆነ ለማስረዳት ጉልበት አጣ። ይልቅ መላ ይፈልግ ጀመር። ሁለቱን ስሞች አጣብቆ እንደ አንድ ስም ጻፋቸው፤ ሰርቨሩም ያለ አንዳች ጥያቄ ዋጠው። ደስ ብሎት ስክሪኑን አዞረላቸው፤ «የአባት ስም፦ አዳነ ሷሊሕ» ይላል። ቢያዝን መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡትና ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አዳነ የሷሊሕ ልጅ ነው እንዴ! እኩያው ነበር እኮ! አሁን አዳነ ይህን ቢሰማ ከመቃብር ተነሥቶ ይከስሃል።» ኡዘይር አጠፋው። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አዲሱን ሥርዐት ሊያዩ ከባሕር ዳር፣ ከክልሉ ቢሮ፣ የሚመጡ እንግዳ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይገባሉ፤ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ የባለይዞታዎች ዝርዝር ከሰርቨሩ ታትሞ ይፈረምበትና ይዘውት ይሄዳሉ። ከዝርዝሩ ያልወጣ ቤት «ባለቤቱ ያልታወቀ» ይባላል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ቤት ደግሞ ለቀድሞው ባለቤት ወራሾች ይመለሳል። ዛሬ ቢያዝን ዝርዝሩ ውስጥ ካልገቡ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። የቀድሞው ባለቤት ወራሽ ማን እንደሆነ ኡዘይር ማስላት አላስፈለገውም፤ ምሳ የሚበላው ከሱ ጋር ነው።

«ሐጂ ሷሊሕን ብቻ ይበሉ፤ ቤቱ ከሳቸው ነው የመጣው። አዳነን ማን ይጠይቅዎታል?»

«ማንም አይጠይቀኝም» አሉ ቢያዝን። «እንዲያው አልጥለውም።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኡዘይር ቤቱ ገባ። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ሳሎን እንደ ወትሮው ነው፤ ዳንቴል የለበሱ ሶፋዎች፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ አምስት ደቂቃ ቀድሞ አዛን የሚያሰማ የግድግዳ ሰዓት፣ ከሰዓቱ ሥር አባቱ ሐጂ አብዱልባሲጥ። ሐጂ አብዱልባሲጥ ቃልን እንደ ጨርቅ በሜትር ለክተው የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ከልኩ በላይ ምርቃት የሚባል ጭማሪ አያውቁም። እናቱ ወይዘሮ ኩልሱም ወጡን አቀረቡ። ሽንኩርት ኪሎው ዐሥራ አራት ብር መግባቱ ተነገረ፤ አባት «እሕ» አሉ። የጎረቤት ልጅ ለሠርጓ ከኛ ሱቅ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ጨርቅ ማስመጣቷ ተነገረ፤ አባት እንጀራ ቆረሱ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ የሚሰማው የማላመጥ ድምፅ ብቻ ነበር። ኡዘይር ደግሞ የጠቀለለውን ጉርሻ ሦስት ጊዜ ፈታ፣ ሦስት ጊዜ ጠቀለለ።

«አባዬ፣ ቢያዝን አዳነ የሚባሉ ሰው ያውቃሉ?»

የሐጂ አብዱልባሲጥ ጉርሻ ከአፋቸው ደጃፍ ቆመ። ቀስ ብለው መሶቡ ላይ መለሱትና እጃቸውን ለመታጠብ ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ኩልሱም የውኃውን ድምፅ እስኪሰሙ ጠብቀው ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉ። አጎትህ ነው፣ አሉት። አብረው አድገዋል፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል፤ የኛን ሥጋ ስለማይበላ ለሱ ብቻ ሽሮ የምሠራባት ድስት ነበረችኝ። አያትህ የሞቱ ጊዜ፣ ለቅሶው ሳይበርድ፣ ለሱ የሰጡት የሁለት ክፍል ቤት ነገር ተነሣ። አባትህ በሽማግሌ ፊት «የጡት ወንድም ወንድም አይደለም» አለ። ቢያዝን ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቱ። ገበያ ሲመጣ በሱቃችን በር ያልፋል፤ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው የሚያልፈው። አባትህም ያን ጊዜ የሚቆጥረው ጨርቅ አያጣም።

አባት እጃቸውን እያደረቁ ተመለሱ። ኡዘይር ያለ የሌለ ድፍረቱን አሰባስቦ ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ተናገረው፤ ፊልዱን፣ ፎልሱን፣ ዝርዝሩን፣ ሰውዬው ሁለቱንም አልጥልም ማለታቸውን፣ ስኪማው አይነካም መባሉን። «ዝርዝሩ ውስጥ ካልገቡ ቤቱ ወደኛ ይመለሳል» ብሎ ጨረሰ። ሐጂ አብዱልባሲጥ እያንዳንዱን ጣታቸውን ለየብቻ አደረቁ። አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ ቆዩ። በዚያ ሰፈር አንድ ክፍል ዛሬ በወር ስንት እንደሚከራይ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ነጋዴ ጎንደር ውስጥ የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ያለ ድምፅ ይዘፍናል።

«መቀየሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ አባት።

«ሦስት ሰዓት ከዐሥር።»

ሐጂ አብዱልባሲጥ ቀና ብለው ሰዓቱን አዩ፤ አምስት ደቂቃውን ቀነሱለት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ታዲያ ቁጭ ብለህ ምን ትበላለህ?»

ኡዘይር እጁን ሳይታጠብ ሮጠ። ባጃጁ ለወትሮው በሁለት ብር የሚያደርሰውን መንገድ ለብቻህ ከሆንህ ዐሥር አለው፤ አልተከራከረም። ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ያን መስመር ከፈተ፤ ፎልስ የምትለውን አጥፍቶ ትሩ፣ ይቀበላል፣ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ሰርቨሩ የያዘውን አርባ ሺህ ፋይል ጠረገው። ስክሪኑ ላይ ዜሮ ሲወጣ አንድ ሙሉ ከተማ ቤት አልባ ያደረገ መሰለው። ቀጥሎ መመገብ ጀመረ። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንድ ሺህ። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ እንደ ተራበ ጫጩት ሲጮህ ድመቷ በርግጋ ወጣች። ኡዘይር የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረሰ። በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ መብራቱ መጣ። ቢያዝን በሩ ሥር ተቀምጠው የጾም ቆሏቸውን ሳይነኩት፣ «አሁን ስንት ገባ?» እያሉ እንደ አውድማ ጠባቂ ይጠይቁ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳዋ ወይዘሮ መንበረ ደረሱ። ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሩ ላይ ቆሙና ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡት። አቶ መለሰ ይህን እንደ አድናቆት ቆጠሩት። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ግን ስክሪኑን አዩ። አርባ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት መሆን የነበረበት ቁጥር ሃያ ሦስት ሺህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እየተመገበ ነው» አለ ኡዘይር በሹክሹክታ። «እስከ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ያነጋግሯቸው።»

አቶ መለሰ መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ቀሉ፤ ከዚያ እንደ ጀግና ወደ እንግዳዋ ዞሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የአቶ መለሰ ንግግር የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው ለንግግራቸው ትራስ ይዞ ይምጣ ይባላል። ያን ለታ ከመሥሪያ ቤቱ ምሥረታ ጀመሩ። ፋይል በጆንያ ይታሰር የነበረበትን ዘመን ተናገሩ፤ አይጥ የበላችውን የፋይል ብዛት በዓመተ ምሕረት ከፋፍለው አቀረቡ፤ አይጦቹን ለማጥፋት የተወሰደውን እርምጃና ያጋጠመውን ተግዳሮት አብራሩ። ዝናሽ ሁለት ጊዜ ውኃ አቀበለች። ወይዘሮ መንበረ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። አቶ መለሰ መንግሥት ሦስት ሚሊዮን ቢያወጣበት የማይገኝ አገልግሎት በምላሳቸው ብቻ ሰጥተው፣ «በአጠቃላይ» የምትለዋን ቃል ለአራተኛ ጊዜ ሲደርሱባት፣ ቁጥሩ አርባ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ቆመ። አንድም የተመለሰ ፋይል አልነበረም። ሠላሳ አንዱም ገብተዋል።

«እንግዲህ ስም እንሞክር» አሉ ወይዘሮ መንበረ። «ማንን?»

«እኔን» አሉ ከበሩ ሥር ቢያዝን። «ግን በአባቶቼ ፈልጉኝ።»

አቶ መለሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኡዘይር የአባት ስም ላይ አዳነ ወርቁ ብሎ ጻፈ። ቢያዝን ወጣ፤ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከገበያው በላይ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያኛውም» አሉ። ኡዘይር ሷሊሕ ዑመር ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር መጣ፤ አንዱ ከሌላው ሥር። ወይዘሮ መንበረ መነጽራቸውን አወረዱና ጮክ ብለው አነበቡት። «ቢያዝን። አብዱልባሲጥ።»

ቢያዝን ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ በጣታቸው ሁለቱን መስመሮች ተራ በተራ ነኩ።

«እኔ ነኝ የበላዩ?»

«አዎ፣ አያ ቢያዝን። በፊደል ተራ ነው፤ ‹በ› ከ‹አ› ይቀድማል።»

«በፊደል አይደለም፤ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ምነው፣ ኮምፒውተርህ ሸጋ አርጎ ያውቃል እኮ።» ከዚያ ወደ ኡዘይር ዞረው ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

ኡዘይር በጣቱ የታችኛውን መስመር አሳያቸው።

ዝርዝሩ ታተመ፤ ወይዘሮ መንበረ ፈረሙበት። ሲወጡ ለአቶ መለሰ የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥርዐቱ ጥሩ ነው፣ ስኪማውን የቀየረው ሰው ይመስገን፣ ማስታወቂያውን ግን ዝናብ ሳይመታው ያንሡት። አቶ መለሰ ለቀየረው ሰው የተዘጋጀውን ቁጣ ውጠው ምስጋናውን በራሳቸው ስም ተቀበሉ። ኡዘይርም አልተቃወመም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ ጥፋት ምስጋናም አያስፈልገውም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኡዘይር አራዳ ወዳለው የአባቱ ሱቅ ሲደርስ ቢያዝን ከሱቁ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ሱቁ ነው። ስማቸው የወጣበት የዝርዝሩ ገጽ ቅጂ በጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ሐጂ አብዱልባሲጥ ውስጥ ሆነው ጨርቅ ይቆጥራሉ፤ ያንኑ ጣቃ ደግመው ደጋግመው። አንድ ጋሪ አለፈ፣ አንድ ሚኒባስ አለፈ፤ ከዚያ ቢያዝን ተሻገሩና የደንበኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሰላም አላለም። አባት ኡዘይርን ሳያዩት፣ «ሻይ እዘዝለት፤ ወተት የሌለው» አሉ። ጾም መሆኑን አልረሱም።

ሻዩ መጣ። ቢያዝን ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ።

«ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ወጣ?» አሉ ሐጂ አብዱልባሲጥ።

«ሸጋ ነበር። ውርጭም አልነካው።»

«ሽንኩርት እዚህ ዐሥራ አራት ገባ።»

«እኛ ዘንድ ዐሥር ነው።»

«አትቀልድ።»

«ሚካኤልን! ምነው፣ ሽንኩርት ልትነግድ ነው?»

ሐጂ አብዱልባሲጥ ሳቁ። ኡዘይር አባቱ ሲስቁ ጥርሳቸው ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተባለም፤ ግን ይህኛው ዝምታ እንደ ምሳው አልነበረም፤ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥበት ዓይነት ነበር። ቢያዝን ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ፤ ዛሬ አባይነሽ ዘንድ አድራለሁ አሉ። «ነገ ምሳ ቤት ነው» አሉ አባት፣ ጨርቃቸውን እያጠፉ። «ጾም ነው» አሉ ቢያዝን። «ይታወቃል» አሉ አባት። ቢያዝን የኡዘይርን ራስ በመዳፋቸው ነካ አድርገው በሱቁ በር፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወጡ።

ኡዘይር የውጪውን ማሳያ ጨርቆች ወደ ውስጥ አስገባ። አንዱን አጠፈ፣ ሌላውን አጠፈ፤ አላስችል አለው።

«አባዬ፣ ቤቱ በቃ ለኛ ሊመለስ ነበር። በሽማግሌ ፊት የተናገሩትንም እማማ ነገረችኝ። ታዲያ ዛሬ ለምን አጣደፉኝ?»

«አልነግርህም» አሉ ሐጂ አብዱልባሲጥ፤ የሱቁንም መዝጊያ እስከ ታች ሳቡት።